ከመሃል መጀመር የማይችለው ተማሪዬ

ማስተማር ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ሥራዬ ማንበብ ነበር። መብራት ሲኖር ግድግዳው ላይ ከማበራው ስላይድ፣ መብራት ሲጠፋ ከስልኬ ላይ አነባለሁ፤ ተማሪዎቼ ይጽፋሉ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የጤና ኮሌጅ ነርሲንግ አስተምራለሁ። ደካማ ነህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሰዓት አከብራለሁ፣ ሞጁሉን እጨርሳለሁ፣ ውጤት በቀኑ አስረክባለሁ፤ በእኛ ዘንድ ጎበዝ መምህር ማለት ይኸው ነው። በሰኔ ያለፉትን ትምህርት በመስከረም ስጠይቃቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አንዳንዱ ጭራሽ ተምረነው አናውቅም ብሎ ይከራከረኛል። እኔም ጥፋቱን ለእነሱ ሰጥቼ ተቀምጬ ነበር። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተሰብስበን "የዘንድሮዎቹ ደግሞ ባሱ" መባባል ዋናው ጨዋታችን ነው። በየዓመቱ የዘንድሮዎቹ ይብሳሉ።

ከዚያ ስለ አስተማማር የአምስት ቀን ሥልጠና መጣ። ሥልጠና ሲባል የኋላ ወንበር ይዤ ስልኬን የምነካካ ሰው ነኝ፤ ያን ቀንም ከኋላ ተቀመጥሁ። አሠልጣኟ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ነበረች። አንድ ሰዓት ያህል ሰው እንዴት እንደሚማርና እንዴት እንደሚረሳ ስታስረዳን ቆየችና ድንገት "ደብተር ይዘጋ፤ ያልሁትን ጻፉ" አለችን። ዲግሪ የደረደርን ሰዎች እስክርቢቶ እያኘክን ኮርኒስ ማየት ጀመርን። እኔ አራት መስመር ጻፍሁ፤ አንደኛው ስሜ ነበር። ደጋግሞ ማንበብ ያወቁ ያስመስላል እንጂ አያሳውቅም አለችን፤ የሚጸናው ሰው ከራሱ ጭንቅላት ጎትቶ ያወጣው ነው። ዛሬ ያወጣውን ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከወር በኋላ እንደገና ያውጣው። ጥያቄውን ደግሞ አደባልቁበት፣ ቅደም ተከተሉን አፍርሱበት፣ አይቶት በማያውቀው ነገር ጠይቁት። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሯ አስምሬባታለሁ፤ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

እኔን የነካኝ የነገሩ አዲስነት አልነበረም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እዚሁ ጎንደር ከአንዱ ደብር የዜማ መምህር ነበር። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹ መጽሐፍ ሳይዙ ፊቱ ቆመው የትናንቱን፣ የሳምንቱን፣ የዓምናውን ያሰሙታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያደምጣል፤ አንዲት ቃል ከተዛነፈች በጣቱ ወንበሩን መታ ያደርጋል፣ ተማሪው ይመለሳል። ማንም ስላይድ አላሳያቸውም፤ የረሳም አላየሁም። እኔ ዳዊት ደግሜ ከጨረስሁ በኋላ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ብዬ ጥዬው ወጣሁ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ስለ ትምህርቴ መጠየቅ ግን ተወ። እና ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ደረቴን ነፋሁ። እነዚህ በስንት ምርምር የደረሱበትን የእኛ ሰዎች ድሮ ያውቁት ነበር አልሁ። በሻይ ሰዓት ለአሠልጣኟም ይህንኑ ነገርኋት። ፈገግ አለችና "የአባትዎ ተማሪዎች የሚሉትን ነገር የሚረዱት መቼ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ንቀት መስሎ ስለተሰማኝ ሻዬን ይዤ ሄድሁ።

ከሥልጠናው ስመለስ ሌላ ሰው ሆንሁ። ክፍል ስገባ ግማሽ ግማሽ ወረቀት አድላለሁ፤ ደብተር ይዘጋል፤ ለዐሥር ደቂቃ ያለፈውን ትምህርት ከየራሳቸው አውጥተው ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ነው አዲሱን የምጀምረው። ተማሪዎቹ ጠሉኝ። አንዷ "መምህር፣ እኛ እኮ የገባነው ኮሌጅ ነው፣ ቄስ ትምህርት ቤት አይደለም" አለችኝና ክፍሉ ሳቀ። "ቄስ ትምህርት ቤትማ ብትገቢ እስካሁን አንድ ነገር ባወቅሽ ነበር" አልኋት። ደግ መልስ አልነበረም፤ ያን ሰሞን ግን በራሴ በጣም ተማምኜ ስለነበር ምላሴ ይፈጥን ነበር። የመጀመሪያ ቀን አብዛኞቹ ባዶውን ወረቀት መለሱልኝ። አንዱ ብቻ ፊትና ጀርባው ሞልቶ መጣ።

የዚያ ወረቀት ባለቤት ከትክል ድንጋይ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ከፍ ያለ፣ ቀጭን ረጅም ወጣት ነበር። ሃያ ዓመት አልፎት እንኳ በየደብሩ እየዞረ ዜማ ተምሯል፤ የመንግሥቱን ትምህርት በማታ ጨርሶ ነው እኛ ዘንድ የመጣው። ጓደኞቹ "መሪጌታ" እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ከእኔ ጋር ሲነጋገር እጁን አጣምሮ ነው። አንዳንዴ አምልጦት "የኔታ" ይለኛል፤ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ መምህሩን የሚጠራበት ነው፤ አባቴንም ሁሉም እንዲያ ነበር የሚሉት። ወረቀቱን ከሞጁሉ ጋር አስተያየሁት። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ልጁ ቃል በቃል፣ ነጥብ በነጥብ፣ አዘጋጆቹ የሳቱትን ፊደል እንኳ ከነስሕተቱ ገልብጦታል፤ ያውም ከጭንቅላቱ። ይህ ነገር ሊያሳስበኝ በተገባ ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። ወረቀቱን ለክፍሉ ከፍ አድርጌ አሳይቼ "ሰው ተማረ ማለት እንዲህ ነው" አልሁ።

አንድ ቀን አብረን ስንወጣ ከዜማ ቤት ወደ ነርሲንግ ምን እንዳመጣው ጠየቅሁት። ታላቅ እህቱ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ከተማ ሲወርዱ መንገዱ ተዘግቶ ጠበቃቸው፤ እዚያው መንገድ ላይ ቀረች። አገራቸው ጤና ጣቢያ አለ፤ ቤቱ አለ፣ አልጋው አለ። ባለሙያዎቹ ግን የአገሩ ጸጥታ እየከፋ ሲሄድ አንድ በአንድ ጥለው ወጥተዋል። የአገሩ ሽማግሌዎች ከልቅሶው በኋላ ጠርተውት "ቀለም የሚዘልቅህ አንተ ነህ፤ ሂድና ይህን ነገር ተምረህ ና። የሰው አገር ልጅ ጥሎን ይሄዳል፤ አንተ ግን አትሄድም" አሉት።

"እኔ የተላክሁ ሰው ነኝ፣ መምህር" አለኝ። "ብቀርባቸው ሌላ ማንም የላቸውም።"

ይህን የነገረኝ ልመና በሌለበት ድምፅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ልጅ የግድ ነርስ መሆን አለበት ብዬ ያዝሁት፤ የራሴ ጉዳይ ሆነ።

በአንድ መንፈቅ የክፍሉ ውጤት አሻቀበ። የቀሩትም የእሱን መንገድ ያዙ። በዕረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር ይሰበሰባሉ፤ እሱ አንድ መስመር ይላል፣ እነሱ ተቀብለው ይመልሳሉ፣ እንደ ዜማ ቤት። ከመስኮቴ ሆኜ ሳያቸው ዕንባዬ እስኪመጣ ድረስ ደስ ይለኝ ነበር። ውጤታቸውን በየሳምንቱ ግራፍ ላይ እያስገባሁ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አወጣሁ። ዲናችን መስመሩን አሳትሞ ቢሮው ውስጥ ሰቀለው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየጠራ ያሳያል። መምህራን ስብሰባ ላይ እንዳቀርብም አዘዘኝ።

በሥልጠናው ደብተሬ ላይ ያስመርሁባትን ነገር የሞከርሁት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል አፈረስሁት፤ ሞጁሉ ውስጥ የሌለች በሽተኛ ፈጥሬ "ይህች ሴት ምን ሆናለች? መጀመሪያ ምን ታደርጉላታላችሁ?" ብዬ ጠየቅሁ። ውጤቱ ወረደ። የዚያ ልጅ ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆኖ መጣ። አሠልጣኟ "መጀመሪያ ይወርዳል፤ አትፍሩ፣ ያኔ ነው የሚማሩት" ብላን ነበር። እኔ ፈራሁ። ስብሰባው ደርሷል፤ የሚወርድ መስመር ይዤ ባልደረቦቼ ፊት መቆም አልፈለግሁም። በሳምንቱ ጥያቄዎቹን እንደ ሞጁሉ አሰላለፍ መልሼ ደረደርኋቸው፤ መስመሩም ተመልሶ ቀና አለ። በስብሰባው አጨበጨቡልኝ።

ሌላም ምልክት ነበረ። ልጁን ከርዕሱ መሃል ድንገት ስጠይቀው ቶሎ አይመልስም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሳያሰማ ከርዕሱ መጀመሪያ ተነሥቶ፣ መስመሩን ሁሉ አልፎ፣ የጠየቅሁት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይወጣል። መልሱ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ግን ይዘገያል። ይህን ነገር አሳምሬ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ አባቴ ከአንድ መዝሙር መሃል አንዲት ቃል ጠርቶ "ቀጥል" ሲለኝ እኔም እንደዚያው ነበርሁ፤ ከራስጌው ካልተነሣሁ አላገኛትም። ቃሏን ምን ማለት እንደሆነች ስለማላውቅ የማገኛት በጎረቤቶቿ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ልጁን ስጠብቀው "አስተዋይ ነው፣ አይቸኩልም" እል ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ተማሪዎቹን ይዤ ከከተማው ወጣ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ለልምምድ ሄድሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፋ ገባች። ሦስት ቀን እያስቀመጠው፣ እያስመለሰው ነው። የልጁ አንገት ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከበሩ ሆኜ ሳየው ውሃው ከሰውነቱ አልቆ እየሄደ መሆኑ ገባኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ብዙ የማታወራ ጎልማሳ ሴት፣ ወደ ተማሪዬ ዞረችና "ለዚህ ልጅ ምን እናድርግለት?" አለችው።

እጁን አጣመረ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጀመረ። ተቅማጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ ስንት ዓይነት እንደሆነ፣ በምን በምን እንደሚመጣ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ፣ ሳይሰናከል። ሌሎቹ ተማሪዎች በአድናቆት ያዩታል። ነርሷ ግን እኔን ነበር የምታየው።

"ዓይነቱንስ ተወውና ይህ ልጅ የትኛው ነው?" አለችው።

አቋረጠ። ዓይኑን አልገለጠም። ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰና እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ።

"ምነው ልጄን አያየውም?" አለች እናትየዋ። ጥያቄው ለማንም አልነበረም፤ ለግድግዳው የምትናገር ትመስል ነበር።

ነርሷ ከዚህ በላይ አልጠበቀችም። ልጁን ተቀብላ ሆዱ ላይ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችና አየች፣ ደም ሥር ፈለገች፣ ፈሳሽ ሰቀለችለት። ከቀትር በኋላ ልጁ አለቀሰ። ለቅሶው ሲሰማ ሁላችንም ተነፈስን። ተማሪዬ ጥግ ላይ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር።

ግቢው ውስጥ ለብቻው አገኘሁት። ተናድጄ ነበር፤ በእሱ የተናደድሁ ይመስለኝ ነበር።

"ምን ሆንህ? ይህን እኮ ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ።"

"ንባቡን አውቀዋለሁ፣ መምህር።"

"እና?"

"ትርጓሜው ላይ ገና አልደረስንም ብዬ ነው።"

መጀመሪያ ያሾፈብኝ መሰለኝ። ፊቱን ሳየው ግን የምሩን ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብና ትርጓሜ ተብሎ የተለየ ነው። ሕፃን ዳዊትን በግዕዝ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይይዛል፤ ከሚለው አንዱም አይገባውም። ቃሉ ምን ማለት ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ንባቡ ሳይጸና ትርጓሜ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ትርጓሜው በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ቤት፣ በሌላ መምህር ይመጣል። የታገሠ ይደርስበታል። ይህ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ሞጁል ሰጠነው፤ ደብተር ዝጋና ያልሁትን መልስ አልነው፤ በትክክል ሲመልስ አጨበጨብንለት። እሱም የት እንዳለ አወቀ። ንባብ ቤት ነበር።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ትርጓሜው መቼ ይጀመራል ብለህ አልጠየቅህም?"

"ተማሪ እንዲያ ብሎ ይጠይቃል? ጊዜው ሲደርስ ይነግሩናል ብዬ እንጂ" አለና ቀስ ብሎ "የለም እንዴ፣ የኔታ?" አለኝ።

ሌላ አገር ተወልዶ ያደገ መምህር ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ የዜማ መምህር ልጅ ነኝ። ልጁ ምን ሲያደርግ እንደኖረ ሊገባው የሚችል አንድ ሰው በዚያ ኮሌጅ ቢኖር እኔ ነበርሁ። አፈርሁ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከክፍል በኋላ በአማርኛ ላስተምረው ተቀመጥሁ። ከልብ በሽታ ጀመርን፤ የመጀመሪያው ሞጁል ስለሆነ። ከሕፃናት ሕመም እንነሣ ብዬው ነበር፤ እሱ ግን "ከራሱ ካልጀመርን ይበተንብኛል" ብሎ ለመነኝ፣ እኔም ተሸነፍሁ። ይህንንም ከጥፋቶቼ ጋር እቆጥረዋለሁ። ቢሆንም የሚያስደስት ነገር ነበረው። እግሩ ያበጠበትን ሰው ታሪክ እነግረዋለሁ፤ እሱ ከያዘው ንባብ ውስጥ የትኛው መስመር ስለዚያ ሰው እንደሚናገር ይፈልጋል። አንድ ቀን ሲያገኘው ከወንበሩ ተነሣ። "ለካ ይህን ነው የሚለው? አያቴ እኮ እንዲህ ሆና ነው የሞተችው" አለኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ብርሃን በዐሥራ ምናምን ዓመት ማስተማር በማንም ተማሪ ፊት አላየሁም። ጎበዝ ነበር። ጊዜ ቢሰጠው ከእኔ የተሻለ ነርስ ይሆን ነበር።

ጊዜ ግን አልነበረም። ከተማው ውስጥ ተኩስ ተሰማ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ኮሌጁም ለሳምንታት ዘጋ። እኔ አዘዞ ቤቴ፣ እሱ ከተማ ኪራይ ቤቱ ተቀመጥን፤ ስልክም አይሠራም ነበር። ስንከፍት የብቃት ምዘናው በር ላይ ደርሷል። የሕፃናቱን ሞጁል አልነካነውም።

ለምዘናው ለመቀመጥ የልምምድ ቅጹ በመምህሩ መፈረም አለበት። በእያንዳንዱ ሥራ ትይዩ "ብቁ ነው" የምትል ሣጥን አለች። ተማሪዬ ቅጹን ይዞ ቢሮዬ መጣ፤ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና እጁን አጣመረ።

"አይፈርሙልኝ" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ያልበሰለ ተማሪን የኔታ አያሰናብትም። አንድ ዓመት ልቆይ። ያገሬን ሰዎች እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ይጠብቁኛል።"

የማውቀው ሕግ ነው። አባቴ አንድ ተማሪ ሁለት ዓመት ካንድ ቦታ ሳያሳልፈው ሲያቆየው አይቻለሁ፤ ተማሪውም ጉልበቱን ስሞ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን ቅጹን ሳየው ያየሁት ሌላ ነገር ነው። የክፍሉን አንደኛ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ያሳየሁለትን፣ ዲኑ ለእንግዳ ሁሉ የሚያወራለትን ልጅ ብቁ አይደለም ብዬ ልጽፍ ነው። ለምን ብለው ይጠይቁኛል። ያን ጊዜ ያ የውጤት መስመር ምን እንደሆነ መናገር ሊኖርብኝ ነው። "የቀረውን ሥራው ያስተምርሃል፤ ሰዎችህ ደግሞ አንድ ዓመት የሚጠብቁበት አቅም የላቸውም" አልሁት። ሁለተኛው ነገር እውነት ነበር፤ እውነቱን ተጠግቼ ፈረምሁ። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ሞላኋቸው። ቅጹን ሲቀበለኝ አላመሰገነኝም።

ምዘናውን በከፍተኛ ውጤት አለፈ። ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው፤ የተግባሩ ፈተና ደግሞ በአሻንጉሊት ላይ ቅደም ተከተል ማሳየት ነው፤ ቅደም ተከተል የእሱ ነገር ነው። ዲኑ ስሙን ሰሌዳ ላይ አወጣው። ልጁ በሳምንቱ ወደ አገሩ ሄደ። እኔ ለማንም ሳልናገር ጥያቄዎቼን አደባለቅሁ፤ የውጤቱ መስመር ወረደ፣ ዲኑም አዲስ መስመር መለጠፍ ተወ። በዚያ ክረምት ስልክ ሲመጣና ሲጠፋ ቆየ። አንድ ቀን መጣና ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

"መምህር" አለኝ። "አንድ ልጅ አለፈብኝ።"

ሌላ ቃል ሳይጨምር መስመሩ ተቆረጠ።

መንገድ ሲከፈት ሄድሁ። እስከ ትክል ድንጋይ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ለምን እንደምሄድ አላውቅም ነበር፤ ይቅር እንዲለኝ ይሁን እንዲሰድበኝ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ነጭ ጋውን ለብሶ አገኘሁት። ከስቷል። ሊሰድበኝም ይቅር ሊለኝም አልቃጣም፤ ወንበር አውጥቶ አስቀመጠኝና ነገረኝ። ባልደረባው መድኃኒት ሊያመጣ ወረዳ ሄዶ ነበር፤ እሱ ብቻውን ነበር። አባት የዓመት ከምናምን ልጅ በጋቢው አቅፎ መጣ። ሲያስቀምጠው የሰነበተ ነው።

"ፈሳሹ ነበር" አለኝ። "መርፌው ነበር። ሁሉም ነበር። ከላይ ጀመርሁ። መሃል ላይ አባትየው አንድ ነገር ሲለኝ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርሁ።"

"ስንት ጊዜ?"

"አልቆጠርሁትም።"

ቁጭ ብለን ግቢውን ስናይ አንድ ጎልማሳ ሰው ጋቢውን ለኀዘን አዘቅዝቆ ለብሶ በአጥሩ ገባ። ተማሪዬ ተነሥቶ ቆመ፤ በአነሣሡ ማን እንደሆነ ገባኝ። የሞተው ልጅ አባት ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ መምህር ከጎንደር መጥቷል ሲባል ሰምቶ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እኔ መጣ፤ እኔም ከወንበሬ ተነሣሁ።

"አያ፣ እግዜር ያጥናዎ" አልሁት።

"አሜን፣ ያጥናን" አለኝ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለ። "እርስዎን ላመሰግን ነው የመጣሁ። ሸጋ ልጅ ነው ያስተማሩልን። የፊተኞቹ በሽተኛ ሲብስ ጥለው ይወጡ ነበር። እሱ ከልጄ ራስጌ አልተነቃነቀም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልጄ እስኪያርፍ ድረስ ጸሎቱን አላቋረጠበትም። ሲጨርስ እንደገና ከላይ ይጀምራል፤ ሲጨርስ እንደገና። ቋንቋው አልገባኝም፤ እኔ ገበሬ ነኝ፣ የቄሶቹስ መች ይገባኛል።"

ተማሪዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰውየው እጄን እንደያዘ ቀረብ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያ ጸሎት ምን የሚባል እንደሆነ ጠየቀኝ።

"እኔ ነኝ ያስተማርሁት" አልሁት።